አባቴ ነው የላከኝ

አባታችን ከሞተ ከሰባት ወር በኋላ ወንድሜ ደወለና፣ «የእሷን ነገር ምን እናድርግ?» አለኝ።

«እሷ» ያላት መኪናዋን ነው። አባታችን ቤት ጓሮ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሸራ ለብሳ ቆማለች። በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች።

ወንድሜ የሚለውን አስቦ ጨርሶ ነው የደወለው። «አባባ እንዳደሳት አድርገን እናድሳት። ቀለሟ የድሮው፣ ወንበሯ የድሮው፣ ፓራውልቷን ኒኬል አስነክረን፣ ልክ ከፋብሪካ የወጣች ዕለት እንደነበረች። ምን ይመስልሻል?»

መልካም ሐሳብ ነበር። እኔ ግን፣ «አይሆንም፤ ፔዳሎቿን አስነቅለን በእጅ የምትነዳ እናድርጋት» አልኩት።

«የእማዬን ነገር አስበሽ ነው አይደል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሱ እኮ አለፈ። አባባ ያጠፋውን አንቺ አሁን ብታስተካክዪው ማን ይጠቀማል? እሷም የለች፣ እሱም የለ።»

አባባ ያጠፋው። በቤተ ዘመዱ ሁሉ የሚታወቅ ታሪክ ነው፤ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነገር ኖሯል። ውሸት መሆኑን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። ከሰባት ወር ወዲህ ደግሞ እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

መኪናዋ የአያቴ ነበረች። አያቴ ዓይናቸው ሲደክም ቁልፉን ለሴት ልጃቸው፣ ለእናቴ ሰጡ፤ ወንዱን ዘለሉት። «አንተ ትፈታታታለህ፣ እሷ ትነዳታለች» አሉት አሉ። እውነታቸውን ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ከልጅነቱ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ካልፈታ እጁ አያርፍም ነበር፤ የግድግዳ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ የበር ቁልፍ። ስሙ ተረስቶ «መፍቻ» ተባለና በዚያው ቀረ። አድጎም ጋራዥ ከፈተ። በሩ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «የመኪና ሐኪም» ብሎ አጻፈ።

እናቴ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ሰው እየሮጠ ይመጣል፤ እሷም ቦርሳዋን የኋላ ወንበር ላይ ወርውራ ትነሳለች። ያቺ የወተት ቀለም ያላት መኪና መንገዱ ላይ ብቅ ስትል ባለሱቁ አንገቱን አስግጎ፣ «ደግሞ ማን ልትገላገል ነው?» ይላል። የሰፈሩ ሰው መኪናዋን ራሷን «አዋላጇ» ይላት ነበር። አንድ ልጅማ ጤና ጣቢያ ሳይደረስ እዚያው የኋላ ወንበር ላይ ተወልዶ፣ ጎረምሳ እስኪሆን ድረስ «ባለ ወንበሩ» እያሉ ሲያበሽቁት ኖሩ።

እናቴ ስትነዳ ጫማዋን ታወልቃለች። «እግሬ ካልነካት ምን እንደምትለኝ አይሰማኝም» ትላለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ባዶ እግሯ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ ሲለቅ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አያለሁ። በፀሐይ የጋለ የወንበር ቆዳ፣ ቤንዚንና የመድኃኒት አልኮል አንድ ላይ ይሸተኛል። እስካሁን የደስታ ሽታ ምን ዓይነት ነው ቢሉኝ የምመልሰው ይህን ነው።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት መኪናዋ ታመመች። እኔ እንደዚያ ነው ያወቅሁት። መስቀለኛ መንገድ ላይ ዘለል ብላ ሞተሯ ይጠፋል። ዳገት ላይ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። እናቴ እየነዳች ዓይኗን ከመንገዱ ነቅላ ወደ እግሯ ማየት ጀመረች። አንድ ቀን በቀትር ከትምህርት ቤት ይዛኝ ስትመለስ፣ መኪናዋ ቁሚ ብትባል አልቆም ብላ የግቢያችንን በር ገጭታ ገነደሰችው። የአንደኛው መብራት መስታወት መሬት ላይ ተዘረገፈ። እናቴ መሪውን እንደጨበጠች ትንሽ ቆየችና ዞር ብላ አየችኝ።

«ተመታሽ እንዴ?»

«አልተመታሁም። ምን ሆና ነው?»

«ታማለች» አለችና ሳቀች። «ፍሬኗን አሟታል።»

ወርጄ የመኪናዋን ኮፈን ሳምኩላት። ከንፈሬን አቃጠለኝ።

በዚያው ሰሞን እናቴም ትወድቅ ነበር። ደረጃ ላይ ወደቀች። ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። ምን ሆነሽ ነው ስላት «ጫማው ነው» አለችኝ። እኔም ያን ጫማ ወስጄ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ወረወርኩት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈለግ ሰነበተ። ሌላ ጫማ አድርጋ ስትወድቅ ደግሞ ጫማዎቹ ሁሉ ያደሙባት መሰለኝ። መኪናዋና እናቴ በአንድ ሰሞን ሲታመሙ ሁለቱን ማገናኘት አልመጣልኝም። ልጅ የነገሩትን ያምናል።

አባቴ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። ጀርባው የተገነጠለ፣ ምስጥ የበላው፣ ውኃ የገባበት መጽሐፍ ወደ እሱ ይመጣል። ክርና ሙጫ ይዞ ይቀመጣል፤ ከሳምንት በኋላ መጽሐፉ ቀና ብሎ ይወጣል። «የማይድን ነገር የለም፤ ትዕግሥት ያጣንለት ነገር ነው ያለው» ይል ነበር። ቁጡ ሰው አልነበረም። ግትር ግን ነበር፤ በጥንድ በሬ ቢጎትቱት ከያዘው ነገር አይነቃነቅም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አጎቴ የመኪናዋን ንድፍ የሣለበት የታጠፈ ትልቅ ወረቀት ይዞ መጣ። ሦስቱ ሳሎን ተቀመጡ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ከአራት ዓመቱ ወንድሜ ጋር ጠጠር እጫወታለሁ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ጋሼ፣ እውነቱን እናውራ» አለ አጎቴ። አባቴ በስምንት ዓመት ስለሚበልጠው ጋሼ ነው የሚለው። «እሷ ከእንግዲህ እንደ ድሮዋ አትሆንም። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል።»

ሐኪም ማለት ለእኔ እሱ ነው፤ በሩ ላይ ተጽፎ የለ? ስለ ራሱ የሚያወራ መሰለኝ።

«ሐኪም ሁሉን ያውቃል እንዴ?» አለ አባቴ። «ጊዜ ይሰጣት እንጂ እንደ ድሮዋ ትሆናለች። እኔ አደርጋታለሁ።»

«በተስፋ ዳገት አይወጣም ጋሼ። ፔዳሎቹን እንቁረጣቸው።»

«ቆራርጠህ አበላሽተህ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲጠቋቆምባት?»

«ይጠቋቆማ! ግድግዳ ስታይ ከምትውል ሰው ቢጠቋቆምባት አይሻልም?»

የወረቀቱ መንኮሻኮሽ ተሰማ። ከዚያ እናቴ፣ ቀስ ብላ፣ «እኔን የጠየቀኝ አለ?» አለች።

«እሷ» ባሉ ቁጥር የሚያወሩት ስለ እናቴ እንደነበረ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ቀን እኔ የያዝኩት ሌላ ነበር። አጎቴ መኪናችንን ሊቆራርጣት ነው፤ አባቴ ደግሞ ሊያድናት ይሟገታል። ግድግዳ ስታይ የምትውለውም መኪናዋ ነበረች፤ ጓሮ ስትቆም ፊቷን ወደ አጥሩ አዙረን ነበርና የምናቆማት።

በማግስቱ እናቴ አልጋ ላይ ሆና ጸጉሬን ስትሠራኝ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። «እንደነበረች ትሁን ወይስ ትቀየር?»

«እንደነበረች!»

«እኔም እንደነበረች ብትሆን ነው የምወደው» አለች። ጣቶቿ ጸጉሬ ላይ ቆሙ። «ካልሆነ ግን የሚሆነውን ማድረግ ነው።»

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

እናቴ የመረጠችው የወንድሟን ሐሳብ ነው። በዚያው ሳምንት አጎቴ አንድ የእንጨት ሣጥን ተሸክሞ መጣና ጓሮ ካለው ዕቃ ቤት አስቀመጠው። ውስጡ በዘይት ጨርቅ የተጠቀለሉ ረጃጅም እጀታዎችና ማያያዣ ብረቶች ነበሩ። ሁለት እግሮቹን በአደጋ ያጣ አንድ ሹፌር ከባሕር ማዶ አስመጥቶ፣ ፍሬኑንም ቤንዚኑንም ፍሪሲዮኑንም በእጁ እያዘዘ በእነዚያ ሲነዳ ኖሯል። ሰውየው ከሞተ በኋላ አጎቴ የሟቹን ሚስት ለወራት ደጅ ጠንቶ ነው ያገኘው። በዚያ ዘመን ሌላ ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ የታየኝ መኪናችንን የሚያርዱበት ቢላዋ ነው።

«ሰኞ እጀምራታለሁ» አለ አጎቴ ሣጥኑን እየዘጋ። እናቴ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ሳቋን እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። እኔ አጎቴን ለማስደሰት የምትስቅ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ማተሚያ ቤት ነበር። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል። አሮጌ ብረት የሚሰበስበው ሰውዬ ጋሪውን እየገፋ በሰፈራችን ሲጮህ ሰማሁት። ሣጥኑ አልነሣ አለኝ። ከፈትኩትና ብረቶቹን አንድ በአንድ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ፣ አምስት ጊዜ ተመላልሼ እበሩ አደረስኳቸው። ቀሚሴ በዘይት ጨቀየ።

ሰውዬው ጥንቁቅ ሰው ነበር። አንዱን እጀታ ገለጥ አድርጎ አየና፣ «ይሄ እኮ አሮጌ አይደለም ልጄ። ማን ላከሽ?» አለኝ።

«አባቴ ነው የላከኝ።»

«ጠራዡ?»

«አዎ።»

«እሱ ካለ እሺ» አለ። አባቴን ሁሉም ያከብረው ነበር። «ምን ልስጥሽ?»

«ምንም አልፈልግም።»

ጋሪው ጥጉን እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሮጬ ሄጄ ጉንጬን የመኪናዋ መስኮት ላይ ለጥፌ፣ «ተርፈሻል» አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ሰኞ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አጎቴ ሌባ ገባ ብሎ ሰፈሩን አተራመሰው። እናቴ አንድ ጊዜ «ያየሽው ሰው አለ?» አለችኝ፤ የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ገበታ ቀርበን ሳለን አጎቴ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው። ብረት ሰብሳቢውን አግኝቶታል። ብረቶቹ ግን ከከተማ ውጭ ብረት ወደሚቀልጥበት ተጭነው ሄደው፣ ቀልጠው አልቀዋል።

እናቴን አላያትም። እኔንም አላየኝም። አባቴን ብቻ ነበር የሚያየው።

«በልጅ እጅ?» አለው። «ምነው፣ ራስህ ተሸክመህ ብትጥለው ምን ነበረበት? ወንድ አይደለህም? በልጅ እጅ?»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምንድነው የምትለው?»

«ሰውዬውን አግኝቼዋለሁ! ‹አባቴ ነው የላከኝ› ብላ ይቺ ልጅ አምጥታ ሰጠችኝ አለኝ። ልከሃታል ወይስ አልላክሃትም?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ቀሚሴ ላይ ወረደ። እናቴ ብታጥበው ብታጥበው ያልለቀቀው የዘይት እድፍ ደረቴ ላይ ነበር። ቀና ብሎ ደግሞ ፊቴን አየ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ለእኔ ረጅም ነበር። ከዚያ ወደ አጎቴ ተመለሰ።

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ የላክኋት።»

እናቴ እጇን ከገበታው ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ጋሼ ስልህ ኖሬ!» አለ አጎቴ። ድምፁ ተሰበረ። «ሚስትህን ቤት ቆለፍክባት። ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ቤት ደጃፍ ብረግጥ ሰው አይደለሁም።» ወጣ። ቃሉንም ጠበቀ።

እኔስ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። አባቴ ውሸቴን ደግፎ የዋሸው መኪናዋን በማዳን ከእኔ ጋር ስላበረ ነው ብዬ አመንኩ። በልቤ «እኔና አባባ» አልኩ። ዘመድ ሲመጣ እየደባበሱኝ፣ «እሷ ምን ታድርግ፣ የላኳት ልጅ» ሲሉ አንገቴን ደፍቼ እቀበል ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ መኪናዋን ማደስ ጀመረ። ቅዳሜና እሑድ፣ ስምንት ወር ሙሉ። የተገጨውን ላሜራ አስቀጥቅጦ፣ ዝገቱን በወረቀት ፍቆ፣ ቀለሙን ሦስት ጊዜ አስደግሞ የድሮውን የወተት መልክ እስኪያገኝ ተጨነቀ። ወንበሮቹን ለሌላ ሰው አልሰጠም። ቀይ ቆዳ አምጥቶ በመጽሐፍ ወስፌው፣ በመጽሐፍ ክሩ፣ ራሱ ሰፋቸው። እናቴ በዚያን ጊዜ ባለ ጎማ ወንበር ላይ ሆና በመስኮት ታየዋለች። አይነጋገሩም ማለት አይደለም፤ ስለ ምሳ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ መድኃኒት ይነጋገራሉ።

ያለቀች ዕለት መኪናዋ ታበራ ነበር። አባቴ እናቴን አቅፎ አውጥቶ ከፊት አስቀመጣት፤ ከመሪው ጎን እንጂ ከመሪው ኋላ አይደለም። እጇን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ የደስታ እንባ መሰለኝና አጨበጨብኩ። ወንድሜም እኔን አይቶ አጨበጨበ።

ያ ጭብጨባ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ነገሩ መቼ ገባኝ? አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቼ አይደለም። በአሥራ አንድ ዓመቴ ጥቂቱ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ትንሽ ጨምሮ። በሽታው መጀመሪያ እግሯን፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ደግሞ እጇን እንደያዘባት አብሬ ስላየሁ፣ ሒሳቡን ራሴ ደረስኩበት። ሁለት ዓመት ተኩል መንዳት ትችል ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ቤት ሁለት ዓመት ተኩል መድረስ ትችል ነበር። ሰዎች መጀመሪያ ላይ እየመጡ ይጠሯት ነበር፤ ቀስ በቀስ ተዉት።

የዘጠኝ ዓመቷን ልጅ ይቅር ማለት እችላለሁ። የማልችለው የአሥራ ሰባት ዓመቷን ነው።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ መንዳት ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ከጎኔ ተቀምጣ፣ እጆቿ ጭኗ ላይ ተኝተው፣ በአፏ ብቻ። «ልቀቂ፣ ቀስ በይ፣ አሁን ቤንዚን ስጫት።» ትዕግሥቷ ልክ አልነበረውም። አንድ ቀን ባዶ ሜዳ ላይ ሳለን፣ ምንም ሳልጠይቃት፣ «አባትሽ ደግ ሰው ነው» አለችኝ። «ያነሣኛል፣ ያጥበኛል፣ አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም። ሁሉን ነገር ይቅር ብዬዋለሁ። ያቺን ነገር ብቻ አልቻልኩም። ሞክሬ ሞክሬ አልቻልኩም።»

እግሬ ከፍሪሲዮኑ ላይ አመለጠኝ፤ ሞተሩ ጠፋ።

«ምንም አይደል፣ እንደገና አስነሺያት» አለችኝ።

እንደገና አስነሣኋት። ማርሽ አስገባሁ። አፌን ከፍቼ፣ «እማዬ፣ አባባ አይደለም፣ እኔ ነኝ» ማለት አራት አምስት ቃል ነው። ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት፤ አልተናገርኩም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞተች። በቀብሯ ላይ አጎቴ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ፣ አባቴን ሳያይ መጣ፣ ሳያይ ሄደ።

አባቴን የጠየቅሁት ባለፈው ዓመት ነው፤ ሆስፒታል፣ የመጨረሻው ሳምንት ላይ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብርድ ልብሱ ላይ አርፋለች።

«አባባ፣ ያኔ ለምን ‹እኔ ነኝ› አልክ?»

የቱን እንደምለው አልጠየቀኝም። «ገና ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር» አለኝ። «የእናትሽ በሽታ ወዴት እንደሚሄድ ሐኪሞቹ ነግረውን ነበር። አንድ ቀን ውኃ የምትጠጣው በአንቺ እጅ ነው። እኔን ብትቀየመኝ ችዬ እኖራለሁ። የልጇን እጅ እየተቀየመች ግን እንዴት ትጠጣለች?» ትንሽ አረፈ። «ደግሞ ሁሉም ውሸት አልነበረም። ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ብረት ከገባ በቃ፣ አትድንም ብዬ የፈረምኩ መስሎ ይታየኝ ነበር። የላክሁሽ እኔ ነኝ ብል ብዙም አልዋሸሁ።»

ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ እንደ ለመድኩት ዝም አልኩ።

እናም ባለፈው ወር፣ ወንድሜ ባትሪ አስቀይሮ ካስነሣት በኋላ፣ መኪናዋን እየነዳሁ ወደ አጎቴ ጋራዥ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ከመንገድ ተመልሼ በአራተኛው ደረስኩ። አጎቴ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ጋራዡን የምትመራው ሴት ልጁ ናት፤ እሱ በር ላይ ካወጣው አሮጌ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ማንም አይሰማውም።

ተነሥቶ ዞራት። በሩን ከፍቶ ጣቱን የወንበሩ ስፌት ላይ አስኬደ። «የእሱ ሥራ ነው» አለ። «ምን ልታስደርጊያት ነው ያመጣሻት?»

«ያኔ ለእማዬ ልትሠራላት የነበረውን እንድትሠራልኝ። አሁን ዕቃው በሽበሽ ነው አሉ።»

«ለማን? እግርሽን ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«መኪና የሚቀየረው ለሚነዳት ሰው ነው። ለጸጸት ተብሎ ፔዳል አይነቀልም» አለኝ። «ደግሞ የሚጸጸተው ሌላ ነበር፤ እሱ ሳይጸጸት ሄደ።»

«አባባ አልላከኝም» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

ነገርኩት። ጋሪውን፣ ቀሚሴን፣ «አባቴ ነው» ያልኩትን፣ የምሳውን ገበታ፣ ሆስፒታሉን። ስናገር ዓይን ዓይኑን ማየት አልቻልኩም፤ የጋራዡን ወለል ነበር የማየው። ከውስጥ መዶሻ ይሰማ ነበር፤ በመካከል ቆመ። ልጁም እየሰማች ነው ማለት ነው።

አጎቴ ቆቡን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«በዘጠኝ ዓመትሽ ያደረግሽውን አልይዝብሽም» አለኝ። «እትዬ ስትሞት ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ሃያ።»

«አሁንስ?»

«ሃምሳ አንድ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብዙ ቆይቶ፣ «ለስንት ሰው እንደተናገርኩ ታውቂያለሽ?» አለ። «በየቤቱ፣ በየለቅሶው። የሚስቱን እግር ለሁለተኛ ጊዜ የቆረጠ ሰው ነው ብያለሁ። እሱ ይህን እየሰማ ነው በመንገድ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሣልኝ የነበረው።» ተነሣ። «ነይ፣ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«በተናገርኩበት ቤት ሁሉ። እኔ ስሙን አጉድፌዋለሁ፤ አንቺ ታነጺዋለሽ። እኔ ከጎንሽ ሆኜ ‹እውነት ነው› እላለሁ።»

«መኪናዋስ?»

«ወንድምሽ እንዳለው እንደነበረች ትታደስ። ጋሼ የሰፋውን እኔ አልፈታም።» አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴን ጋሼ ብሎ ጠርቶት አያውቅም ነበር።

አራት እሑድ ፈጀብን። እኔ እነዳለሁ፤ እሱ ከጎኔ ይቀመጣል። ከወንድሜ ጀመርን። ወንድሜ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «እማዬን ሲያጥባት ቆሜ በጥላቻ ነበር የማየው» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ ያን ቀን ተመልሶ አልወጣም። ትልቋ አክስታችን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ጆሮዋ ደክሟል፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ይልቅ ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ። ከእናቴ ጋር የሠራችው ጡረተኛዋ ነርስ ሻይ ልትቀዳልን ብድግ ብላ ነበር፤ ሰምታ ስትጨርስ ማንቆርቆሪያውን መልሳ አስቀመጠችው። አንዳንዶቹ አጽናኑኝ። አንዳንዶቹ በሩን ሲዘጉብን ድምፁ ከበድ ይል ነበር። አጎቴ በሁሉም ቤት «እውነት ነው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለ።

በአራተኛው እሑድ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከመጨረሻው ቤት ወጥተን መኪናዋ ውስጥ ገባን። አጎቴ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ በእርሳስ የመጨረሻውን ስም ሰረዘ።

«ማን ቀረ?» አለኝ።

ወረቀቱ ላይ የቀረ ስም አልነበረም፤ በሕይወት ያለው ሁሉ ሰምቷል። ቁልፉን ይዤ ተቀመጥኩ። እሱም ጥያቄው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው መሰለኝ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እሷ» አልኩት።